ከቤተ መንግሥት የወጣው አዋጅ ጉራጌ አገር ሲደርስ

   የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ አንድ ንጉሠ ነገሥትና ስለ ማሻሻያዎቻቸው ነው። መነሻችን ሮማ ናት፤ ብዙም ሳንቆይ ግን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ48 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሮማው ቄሣር ቀላውዴዎስ በሮማ ሸንጎ ፊት ቆሞ ተናገረ። የእኛው ዐፄ ገላውዴዎስ ሌላ ናቸው፤ እንዳይምታታባችሁ። ይኼኛው በሐዋርያት ሥራ ላይ አይሁድን ከሮማ ያስወጣ ተብሎ ስሙ የተጠቀሰው ነው። ጉዳዩ የጋሊያ ሰዎች ነበሩ፤ የዛሬዋ ፈረንሳይ ማለት ነው። ጋሊያን ዩልዮስ ቄሣር ወግቶ ካስገበራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗታል። አሁን የጋሊያ መኳንንት በሮማ ሸንጎ መቀመጥ፣ ሹመትም ማግኘት ፈለጉ። የድሮዎቹ ሸንጎኞች አጉረመረሙ። አያቶቻቸው የእኛን አያቶች የገደሉ ሰዎች እንዴት አጠገባችን ይቀመጣሉ አሉ። ቀላውዴዎስ ግን ሮማ ያደገችው የተሸነፈውን እያስገባች ነው ብሎ ተከራከረና ሐሳቡ አለፈ። ንግግሩ በነሐስ ሰሌዳ ተቀርጾ ነበርና በ1528 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልዮን ከተማ አጠገብ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቷል።

ይህን ያነሣሁት የመንግሥት ማሻሻያ የሚመዘንበት አንድ ጥሩ ጥያቄ ስላለበት ነው። የተሸነፈው አገር ሰው በአሸናፊው ቤት ውስጥ ምን ቦታ አገኘ? ዛሬ በዚህ ጥያቄ የምናያቸው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ስለ ምኒልክ ሲወራ ባቡር፣ ስልክ፣ ባንክ፣ ትምህርት ቤት ይቆጠራል። እኛ ግን ከዚህ ከጉራጌ አገር ሆነን ነው የምናየው። እዚህ የደረሰው ምን ነበር?

ሕይወታቸውን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ወረሩ፤ አባታቸው በዚያው ሰሞን ሞቱ፣ ልጁም ተይዘው በኋላ መቅደላ ገቡ። እዚያ ለአሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። እንደ እስረኛም እንደ ልጅም ነበር አያያዛቸው። ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ፣ ወታደሩን በደመወዝ ለማሳደር፣ መድፍ ለማሠራት ሲታገሉ በቅርብ አይተዋል። ያ ትግል በምን እንደተሰናከለም አይተዋል። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ንጉሥ ተባሉ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ሕፃን ልጅም ያውቀዋልና አልደግመውም።

ጉራጌ አገር ግን ምኒልክን ያወቀው ከዓድዋ ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ያወቀውም በጦር ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ የሸዋ ሠራዊት ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ሰሜኑ፣ ክስታኔ የምንለው አይመለል፣ ያለ ብዙ ውጊያ ገባ። ሰባት ቤት ጉራጌና አካባቢው ግን እንዲህ አልገባም። ለብዙ ዓመት ተዋጋ። በተለይ ዛሬ ወልቂጤ ጥግ ካለው ከቀቤና የተነሡት ሐሰን እንጃሞ ሰፊ ጦር አሰባስበው የሸዋን ሠራዊት እስከ 1880 ዓ.ም. ገደማ አስቸግረዋል። በመጨረሻ ያሸነፏቸው ራስ ጎበና ዳጬ ናቸው። ራስ ጎበና ራሳቸው የሸዋ ኦሮሞ እንደነበሩ ልብ በሉ። ነገሩን የአንድ ወገንና የሌላ ወገን ፍልሚያ አድርጎ ለመተረክ ለሚቸኩል ሰው ይህ አይመቸውም።

እንግዲህ ወደ ቀላውዴዎስ ጥያቄ። በዚያ ዘመቻ ከጨቦና ከሶዶ አካባቢ፣ ከወሊሶ እስከ ጉራጌ ድንበር ካለው አገር፣ ሁለት ሰዎች ተማርከዋል። አንደኛው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ሁለተኛው ባልቻ ሳፎ ናቸው። ባልቻ በጦር ሜዳ ላይ የተሰለቡ ትንሽ ልጅ ነበሩ፤ ቤተ መንግሥት ገብተው አደጉ። በዓድዋ ጊዜ በመድፍና በመትረየስ በኩል ስማቸው የገነነው ባልቻ አባ ነፍሶ እኚሁ ናቸው። በኋላ ሲዳሞን ገዙ፤ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲመጣም በስተርጅና ተዋግተው ሞቱ። ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከምርኮኛነት ተነሥተው ፈረስ ሲጋልቡ፣ ነገር ሲያውቁ፣ ፍርድ ሲለዩ በንጉሡ ዓይን ገቡ። አባ መላ ተባሉ። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እስከ ሞቱበት እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ድረስ ያለ እሳቸው ምክር በአገሩ ትልቅ ነገር አልተወሰነም።

ሮማ ውስጥ መቶ ዓመት የፈጀው እዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ሆነ። እኔ በበኩሌ ከምኒልክ ማሻሻያዎች ሁሉ እጅግ የሚደንቀኝ ይኼ ነው፤ ከስልኩም ከባቡሩም ይበልጥብኛል። የተማረከን ሰው የጦር ሚኒስትር ያደረገ ቤተ መንግሥት በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ሰው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ አገሩ ሁሉ ተቀመጠ ማለት አይደለም። የሀብተ ጊዮርጊስና የባልቻ የትውልድ አገር ሰው ገባር ሆኖ ነው የቀረው።

ገባርነትን ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ። ወታደሩ ደመወዝ የለውም፤ በደመወዝ ፈንታ ሰው ይተከልለታል። ገበሬው ነፍጠኛ ለሚባለው ለዚያ ወታደር ይገብራል፣ እህል ይፈጭለታል፣ እንጨት ይለቅምለታል፣ አጥሩን ያጥራል፣ ዕቃውን ይሸከማል። በሌላው አገር ደግሞ ተሠሪ የሚባለው ወታደር ገበሬው ቤት ገብቶ የልጆቹን ምሳ ይበላ ነበር። ምኒልክ ይህን የኋለኛውን ለማስቀረት በ1880ዎቹ አጋማሽ አስራት ደነገጉ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ ለመንግሥት ይስጥ፣ ወታደሩም ከጎተራ ይሰፈርለት፣ የሰው ቤት ገብቶ አይተኛ አሉ። ጊዜው ክፉ ቀን የምንለው ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደጨረሰ ይገመታል። በሬ ሲጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለመኳንንቱ አሳዩ ይባላል። አስራቱ በአሳቡ መልካም ነበር። በደቡብ ግን ገባርነቱ ሳይነቀል ነው አስራቱ የመጣው፤ ብዙው ሰው ሁለቱንም ተሸከመ። አዋጅ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ የነበረው መልክና የዘቢዳርን ተራራ ተሻግሮ ሲደርስ ያለው መልክ አንድ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የጉራጌ ሰው እንሰት ነው ያለው። እንሰት ለቤተሰብ ይበቃል፤ ድርቅ ይችላል፣ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቅሃል። ቆጮ ጭነህ ሩቅ ገበያ ወስደህ ግን ጠገራ ብር አታመጣበትም። መንግሥት ብር ሲጠይቅ፣ መሬቱም ጠባብ ሲሆን፣ ብሩ ካለበት መሄድ ግድ ነው። ብሩ ያለው ደግሞ የምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በቆረቆሯት አዲስ አበባ ነበር። ቤተ መንግሥት ይሠራል፣ ቤተ ክርስቲያን ይታነጻል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ድንጋይ ይፈለጣል፣ ውኃ ይቀዳል። ሠራተኛ ተፈለገ። ከጉራጌ አገር በእግሩ እየተጓዘ ወጣቱ ገባ። አንዳንዱ ተገዶ፣ አንዳንዱ ግብር መክፈያ ፍለጋ፣ አንዳንዱ ወንድሙን ተከትሎ።

ስለዚህ ምኒልክ ለጉራጌ ካደረጉት ሁሉ ትልቁ ለጉራጌ ብለው ያላደረጉት ነው። ከተማዋን ማለቴ ነው። በቀን ሥራ የገባው ሰው ጥቂት ብር ቋጠረ፤ ከዚያ መንገድ ዳር ሸቀጥ ዘረጋ፣ ከዚያ ጉልት፣ ከዚያ ሱቅ። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ነበር፤ ሱቆቹን በብዛት የያዙት ዐረቦች፣ አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ነበሩ። ጣልያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው። እዚያ ነው የጉራጌ ነጋዴ ስም የገነነው። በእቁብ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ አንዱ ሌላውን አምጥቶ ሱቅ ውስጥ ማሠልጠን፣ በመስቀልና በዐረፋ አገር ቤት መግባት በዚያ ሁሉ መሀል የጸና ልማድ ሆነ። ማንም ቤተ መንግሥት ያላወጀው ማሻሻያ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የመጣ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር ስትወጡ መንገድ ዳር ምን ታያላችሁ? ባሕር ዛፍ። ልጡ ተልጦ በውፍረቱ ተለይቶ ተደርድሯል፤ ቀጭኑ ለማገር፣ መካከለኛው ለአጣና፣ ወፍራሙ ለቋሚ። ደላላው ተጎንብሶ በእጁ መዳፍ እየለካ ዋጋ ይጠራል። አይሱዙ ቆሞ ይጫንበታል፤ አዲስ አበባ ደርሶ የፎቅ መወጣጫ ይሆናል። የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የሠርግ ወጪም ከዚያ ይወጣል።

ይህ ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። የቀድሞ ነገሥታት እንዲህ ሲሆን ድንኳናቸውን ነቅለው ሌላ ቦታ ይተክሉ ነበር። ምኒልክም አዲስ ዓለም የተባለች ከተማ መቆርቆር ጀምረው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ተሠርቶ ነበር፤ በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ባሕር ዛፍ መጥቶ ነበር። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥ ከጉቶው ይበቅላል። ከተማዋ ባለችበት ጸናች። ከዚያም ዛፉ በጊዜ ሂደት ሠራተኛው በመጣበት መንገድ ወደ ጉራጌ ወረደ። ውኃ ይጠጣል፣ ምንጭ ያደርቃል፣ እንሰቱን ያቀጭጫል ብለው የሚያማርሩ ገበሬዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ገንዘብ ያመጣል የሚሉትም ትክክል ናቸው። ጀፎረው ዳር ድረስ እየተጠጋ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ግን እኔንም ያስከፋኛል። ጀፎረ የልጅ መጫወቻ፣ የሽማግሌ መቀመጫ፣ የሠርግና የለቅሶ ሜዳ ነው።

ስለ ሌሎቹ ማሻሻያዎች ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፤ መጽሐፋችሁ ላይ በሰፊው አሉ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ብር በፓሪስ ተቀረጸ። የገጠሩ ሰው ግን የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ትቶ ሊቀበለው አልወደደም። በዚያው ሰሞን የባቡሩ ውል ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ አላዩትም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. በግብፃውያን መምህራን ሥራ ጀመረ። ፖስታችንም በዚያው ዓመት የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነ።

አንዱን አዋጅ ግን አላልፈውም፤ ጥር 1900 ዓ.ም. የወጣውን የሠራተኛ አዋጅ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ሸክላ የምትሠራውን በሙያቸው መስደብ የተለመደ ነበር። የሚነግደውም የሚያርሰውም የሚጽፈውም ሳይቀር የየራሱ ስድብ ነበረው። ምኒልክ ይህን ከለከሉ። ሠራተኛን የሚሰድብ እንደሚታሰር አስነገሩ። ሥራ የሚናቅበት አገር መድፍም ማረሻም ሁልጊዜ ከሰው ለምኖ እንደሚኖር ገብቷቸው ነበር። ዓድዋን ካሸነፉ በኋላ እንኳ ጠመንጃው የውጭ አገር ሥራ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ወደ ጉራጌ ስናመጣው ይህ አዋጅ በጣም ይከብዳል። የጉራጌ ባህላዊ ቤት፣ ያ ክብና ረጅም ቤት፣ መሐሉ ላይ የሚቆመው ትልቅ ምሰሶ አለ። ያንን እንጨት የሚጠርቡት፣ ቤቱን የሚያቆሙት ባለሙያዎች በአካባቢው ፉጋ ተብለው የተገለሉ ሰዎች ነበሩ። የሠሩት ቤት ውስጥ እንደ ጎረቤት አይቀመጡም፣ ማሳ አይዙም፣ እንሰት አይተክሉም፣ ከሌላው ጋር አይጋቡም። አዋጁ በከተማ ሲነገር እዚህ ማን ሰማው? የሰማውስ ማን አስፈጸመው? በልማድ የቆመን ነገር በእስራት ማስፈራሪያ መንቀል ይከብዳል። ዛሬም በአንዳንድ ሰፈር ጋብቻ ሲነሣ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ለማጣራት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እናፍርበት።

የሚኒስትሮቹን ነገር ጀምሬ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘጠኝ ያህል ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ፍርድን ከባለ ርስቱ መልከኛ እጅ ወደ ዳኛ ለማምጣት ታሰበ። ጉራጌ ግን ያኔም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሰባት ቤት በየጆካ ተሰብስቦ በቂጫ ይዳኛል፤ ክስታኔ በጎርደና ሴራ ይዳኛል። የደም ጉዳይ፣ የጋብቻ ጉዳይ፣ የወሰን ጠብ በሽማግሌ ፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ ጥፋተኛው ይክሳል፣ ይታረቃል። መንግሥት መጣ፣ መንግሥት ሄደ፣ የጆካ አሁንም ይቀመጣል። በዚህ ረገድ የእቴጌዎቹና የነገሥታቱ ዳኞች ጉራጌን ብዙ አላስተማሩትም ብል ድፍረት አይሆንብኝም። ለሴቶች ጆሮ የሰጠ ሥርዓት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። የቃቄ ውርድወት ያን ሥርዓት ፊት ለፊት ተጋፍጣ ያነሣችው የጋብቻና የፍች ጥያቄ ዛሬም ይነገራል፤ ለእሷ አንድ ሙሉ ዝግጅት ይገባታል።

ምኒልክ ከ1901 ዓ.ም. በኋላ በሕመም ደከሙ። አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግርም ተሳናቸው። የሾሟቸው ሚኒስትሮች ንጉሥ ሲኖር የሚሠሩ እንጂ ንጉሥ ሲታመም በራሳቸው የሚቆሙ አልነበሩም። እቴጌ ጣይቱ በአንድ ወገን፣ የሸዋ መኳንንት በሌላ ወገን ተሳሳቡ። ወራሽነቱ ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ታወጀ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞቱ፤ ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም። በየገበያው ሰው እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ።

ጉራጌ አገር ገባሩ መገበሩን ቀጠለ። የገባርነቱ ግዴታ በሕግ የተነሣው ከጣልያን ወረራ በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ነው፤ መሬቱ ራሱ የአራሹ ይሁን የተባለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። መንገድ ለማሠራት ደግሞ የጉራጌ ሰው ማንንም አልጠበቀም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ማኅበር አቁመው፣ ከሱቁም ከደመወዙም እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ ማሠራት ጀመሩ። አያቶቻቸው ግብር መክፈያ ፍለጋ በእግር የሄዱበትን አቅጣጫ መኪና እንዲመለስበት አደረጉ።

አድማጮች፣ በሚቀጥለው ዝግጅት የምናነሣው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ብቻ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የነበራቸውን ድርሻና በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከራስ ተፈሪ ጋር የነበራቸውን ፉክክር እናያለን። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎች አንድ ሥራ አለባችሁ። ቤታችሁ ያሉትን አዛውንት ጠይቁ፤ ከቤተሰባችሁ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሄደው ማን ነበር? በእግሩ ስንት ቀን ፈጀበት? የመጀመሪያ ሥራውስ ምን ነበር? መልሱን ጽፋችሁ ለታሪክ መምህራችሁ አሳዩ።